ዳኜ እስኪደርስ አይጠረግም

ከቦሌ እስከ በርሊን አውሮፕላን ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከአንድ ወር በላይ እላችኋለሁ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት እኔም ሄጄበታለሁ፤ ማታ ተሳፍሬ፣ ፍራንክፈርት ላይ ሌላ አውሮፕላን ቀይሬ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንድሜ ቤት ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የተማርኩት ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ያስተማረችኝም እናቴ ናት፣ በመጥረጊያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት ሰው መንገድ ከወጣ እስኪደርስ ድረስ አይጠረግም። ሰው እንደወጣ ወዲያው የሚጠረገው አስከሬን ሲወጣ ነው፤ ለደህና መንገደኛ እንዲህ ማድረግ አትመለስ ብሎ ዱካውን ማጥፋት ነው። በኛ ሰፈር፣ ከጉለሌ ታች ጀምሮ እስከ ቁስቋም ዳገት ድረስ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሄደው ደሴ ከሆነ በማግስቱ ይጠረጋል፤ ጎንደር ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሡለታል። አውሮፕላን ሲመጣ ግን ሰው ግራ ገባው። ከቤታችን በአውሮፕላን የሄደ ሰው ዳኜ የመጀመሪያው ነበር።

ዳኜ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሞተ የቤቱ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። እናታችን የዓለምወርቅ በባለ ፔዳል ሲንጀር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው ያሳደገችን። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ዳኜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንዲሄድ ተመረጠ። የድጋፍ ወረቀቱን የፈረሙለት አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ አበራሽ ናቸው፤ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ዋስ የሆነችው ደግሞ እናቴ ነበረች። ልጁ የጠፋ እንደሆነ የምትታሰረው እሷ ናት።

የሚሄድ ዕለት ጠዋት ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሞላ። የእናቴ ወንድም ተክለሃይማኖት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርና አትላሱን ይዞ መጥቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ከአዲስ አበባ እስከ በርሊን በማስመሪያ ለካ።

«አምስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው» አለ። «መሀል ላይ ነዳጅ መቅጃውን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እራቱን እዚያ ይበላል።»

«ዘጠኝ ሰዓት» አሉ እትዬ አበራሽ። «እኔ ከወሎ ስመጣ አራት ቀን ነው የፈጀብኝ። ያውም ጭነት መኪና ላይ፣ በርበሬ ላይ ተቀምጬ። እስካሁን ያስነጥሰኛል።»

«እንግዲህ ማታውኑ ልትጠርጊ ነው፣ የዓለምወርቅ» አለች ከሴቶቹ አንዷ። ሁሉም ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አንስታ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው።

ቦሌ ሰገነቱ ላይ ቆመን መሐረብ አውለበለብን። ዳኜ የአጎቴን ካፖርት ለብሶ ስለነበር ከሩቅ ሳየው አጎቴ የሚሄድ መሰለኝና ለየቱ ማልቀስ እንዳለብኝ ቸገረኝ። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ በኩል ዞረ። በቤታችን ላይ ሊያልፍ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በርጩማ ስቤ፣ መጥረጊያውን አውርጄ፣ እናቴ ፊት ቆምኩ።

«ደርሷል እኮ፣ እማዬ።»

«አልደረሰም።»

«አጎቴ ዘጠኝ ሰዓት ብሏል።»

«አጎትሽ የተናገረው ስለ አውሮፕላኑ ነው» አለች፣ ከማሽኑ ቀና ሳትል። «አስቀምጪው።»

ልዩነቱ አልገባኝም። ሰው አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አውሮፕላኑ ደርሶ ሰውየው የሚቀርበት ምክንያት አልታየኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ አውሮፕላኑም አልደረሰም። በማግስቱም አልተጠረገም። በሳምንቱም አልተጠረገም። ዳኜ አሁንም ሰማይ ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ምሳ ማን እንደሚሠራላቸው፣ የት እንደሚተኙ፣ ልብሱን ማን እንደሚያጥብለት ብቻ ነበር የሚያሳስበኝ።

ዳኜ ኋላ እንደነገረኝ በዚያች ማታ ምሥራቅ በርሊን የተማሪ ማደሪያ ውስጥ ተቀምጦ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች ይበላ ነበር። እጁን ሳይታጠብ ስላቀረቡለት ተቀይሟል። እስካሁንም ያነሣዋል።

ቤታችን እየከፋ ሄደ። የካኪና የሰማያዊ ክር ቁራጭ ወለሉን ሸፈነው፤ ስንራመድ እግራችን ላይ ይጠመጠማል። የሽምብራው ገለባ፣ የቆሎው ፍርፋሪ፣ ከጫማ የረገፈው ጭቃ ሁሉ ባለበት ቀረ። እናቴ ትልልቁን በእጇ ትለቅማለች እንጂ መጥረጊያ አታስነካም። ቁንጫ ገባ። እኔ እያከክሁ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። አላፈርኩም፤ እንዲያውም እኮራ ነበር። በክፍላችን ወንድሙ ሰማይ ላይ የሚኖር ሌላ ልጅ አልነበረም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አጎቴ ብቅ ይላል። እናቴ በሩን መለስ ታደርግና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። እኔን ከአልጋው ጫፍ እንዳለ ትራስ ነው የሚቆጥሩኝ።

«ምን ሰማህ?» ትላለች።

«ምንም። ግንቡ ጋ ጥበቃው ጠብቋል ይላሉ። ያ ጓደኛው ማዶ ሆኖ እየጠበቀው ነው።»

«ታዲያ እዚያው ሲዞር ሊከርም ነው?»

«ክፍተት እስኪያገኝ መታገሥ ነው። በችኮላ ከሞከረና ከተያዘ ይመልሱታል። ከተመለሰ ደግሞ ታውቂያለሽ።»

«እኔ ምን አለብኝ፣ እኔን ይሰሩኝ» አለች እናቴ። «እሱ ብቻ ይለፍ።»

ሁሉንም ሰማሁ፤ ሁሉም ደግሞ ግልጽ ሆነልኝ። ጀርመን አገር ግንብ አለ። ግንቡ በጣም ረጅም ስለሆነ አውሮፕላኑ ማለፍ አቅቶት፣ ዝቅ ያለ ቦታ እየፈለገ ዙሪያውን ይዞራል። ማዶ ላይ ደግሞ የዳኜ ጓደኛ ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ይህን ደብተሬ ላይ ሥዬው ነበር።

ያኔ በርሊን ሁለት መሆኗን ማን ይንገረኝ። ከቦሌ የሚሄደው አውሮፕላን የሚያርፈው በምሥራቁ፣ በእኛ መንግሥት ወዳጆች በኩል ነበር። ዳኜ የሚፈልገው ምዕራቡን ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ሁለት የቅርብ ጓደኞቹ ተገድለው መንገድ ላይ ተጥለዋል፤ የእሱም ስም አንዴ ተነሥቶ ነበርና ተመልሶ የመምጣት ሐሳብ አልነበረውም። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ ግንቡን ተሻግሮ ምዕራብ በርሊን መሀል ከተማ መድረስ ዛሬ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ባለፈው ዓመት አብረን ሄድንበት። ዳኜ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አምስቱን ሺህ ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው ይህቺን ጨርሶ እስኪወጣ ነው እናቴ መጥረጊያውን ሰቅላ የጠበቀችው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ስኳር እንዳመጣ ወደ ቀበሌ ሱቅ ላከችኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር። እትዬ አበራሽ በሩ ላይ ተቀምጠው የራሽን ደብተር ይቀበላሉ፤ አጠገባቸው አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ ሲጋራ ያጨሳል።

«ጽጌ፣ ወንድምሽ ደብዳቤ ላከ?» አለችኝ ከፊቴ የቆመች ሴት።

«ገና አልደረሰም» አልኩ። «አየር ላይ ነው።»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አብዮት ጥበቃውም ሳቀ።

«ኸረ የኔ ልጅ፣ ከሄደ አራት ሳምንት ሆነው እኮ!»

«አልደረሰም አልኩሽ። ቤታችን አልተጠረገም። እማዬ የምትጠርገው ግንቡን ሲያልፍ ነው።»

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እትዬ አበራሽ አልሳቁም። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰኩና «ይቺ ልጅ ያየችውን ሕልም ነው የምታወራው» አሉ። ወደ እኔ ዞረው «ነይ፣ ደብተርሽን ስጪኝና ወደ ቤት ሂጂ። ስኳሩን እኔ አመጣላታለሁ» አሉኝ። ሰልፍ ሳልጠብቅ ስለተለቀቅሁ ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። አብዮት ጥበቃው ሲጋራውን በጫማው አጥፍቶ ወደ እኔ ሲያይ አስታውሳለሁ።

እትዬ አበራሽ ብዙም ሳይቆዩ መጡ። ስኳር አልያዙም፤ የያዙት የራሳቸውን መጥረጊያ ነው። አብዮት ጥበቃው ከሌላ ሰው ጋር አጥሩ በር ላይ ቆሟል። እትዬ አበራሽ ሳያንኳኩ ገቡና ጎንበስ ብለው ከጓዳው ጀምረው መጥረግ ያዙ።

እናቴ ከማሽኑ ተነሥታ እጃቸውን ያዘች። «አበራሽ፣ ተዪ» አለች። «በልጄ ይሁንብሽ፣ ተዪ።»

«ምኑን ነው የምተወው?» አሉ፣ ውጭ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ልጅሽ በርሊን ገብቶ ትምህርቱን እየተማረ፣ አንቺ በቆሻሻ ተጨማልቀሽ የምትቀመጪው ሬሳ አለሽ? ልጅ አስተምሩልኝ ብለሽ ስታበቂ እንዲህ ነው? ዞር በይ።»

ገፋ አደረጓት። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። የክሩን ቁራጭ፣ ገለባውን፣ አቧራውን፣ ያንን ሁሉ ሳምንት እየገፉ እየገፉ በበሩ አወጡት፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው መንገዱ ዳር ከመሩት። እኔ ቀሚሳቸውን ይዤ ጮህኩ። አውሮፕላኑ ሲወድቅ ታየኝ። ዳኜን ገደሉት፤ ጎንበስ ብለው በመጥረጊያ ገደሉት። አብዮት ጥበቃው አንገቱን በበሩ አስግጎ ወለሉን አየና «አሁን ቤት መሰለ» ብሎ ሄደ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ «እትዬ» ማለቱን በልቤ ተውኩ። አበራሽ ሆነች፤ ደረቅ አበራሽ።

እናቴ አልጋዋ ላይ በፊቷ ተደፋች። እኔ ማልቀሻ ቦታ ፈልጌ ዳኜ ይተኛበት የነበረው የሽቦ አልጋ ስር ገባሁ። እዚያ ስገባ ፊቴ ላይ ክር ተጠመጠመ። አልጋው ስር ያለው አቧራ ምንም አልተነካም፤ ክሩም፣ ገለባውም፣ ዳኜ ሊሄድ ሲል የተበጠሰችው የሸሚዝ ቁልፍም ባሉበት ነበሩ። ይህ ሁሉ ንዴቴን ጨመረው። እየዳህኩ ወጥቼ እናቴ ጋ ሄድኩ።

«መጥረግ እንኳ አታውቅም እኮ» አልኳት። «አልጋው ስር እንዳለ ነው። አልነካችውም።»

እናቴ ቀና አለች። ወርዳ ተንበረከከችና የአልጋውን ልብስ ገልጣ አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«አንቺም እንዳትነኪው» አለችኝ። «ማንም እንዳይነካው።»

በአበራሽ ስንፍና የሳቀች መሰለኝ። ተበቀልኳት ብዬ በጣም ደስ አለኝ።

ዛሬ ሳስበው አለማስተዋሌ ይገርመኛል። አበራሽ በሰፈሩ በንጽሕና የምትታወቅ ሴት ናት። የግቢዋን ድንጋይ እንኳ በውሃ ታጥባለች፤ የሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥግ ነው። እንዲህ ያለች ሴት አልጋ ስር ረስታ አትሄድም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ የማናውቀው ሰው መጣና የስፌት መኪና መርፌ ለእናቴ ሰጥቶ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። የመርፌ ነጋዴ መሰለኝ። እናቴ ፓኮውን ገልበጥ አድርጋ አየችውና ጡቷ መሀል ከተተችው። የመድረሱ ምልክት ከምዕራብ በርሊን የሚላክ መርፌ ይሁን ብለው እሷና ዳኜ የተስማሙት ቦሌ ላይ፣ እኔ ለየቱ ላልቅስ ስል ነበር። ቁም ሣጥኑ ላይ የተሰቀለውን መጥረጊያ አወረደች፤ አልጋውን ሳበች፤ ቀስ ብላ ጠረገች። የሸሚዙን ቁልፍ ብቻ አንሥታ አስቀመጠች።

«ዳኜ ደረሰ» አለችኝ። ማንንም ሳላስፈቅድ ሰማዩን ልሰናበት ወጣሁ።

ከሁለት ወር በኋላ የመንግሥት ሰዎች መጡ። ልጁ ጠፍቷል፣ ዋሱ የት ናት አሉ። እናቴን ይዘው ሲሄዱ ከፊት ከፊት የምትመራቸው አበራሽ ነበረች። ይህም ሒሳቤ ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ ዳኜን፣ ቀጥሎ እናቴን። እናቴ ግን በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፣ ፊቷ ከመገርጣቱ በቀር ምንም ሳትሆን። አጎቴ ሊጠይቃት ሞከረ፤ ወደ እኔ በዓይኗ አሳየችውና ዝም አለ። አፌ ላይ መዝጊያ እንደሌለ ሰፈሩ ሁሉ አውቆት ነበር። እናቴም ከዚያ ወዲያ ምንም አልነገረችኝም። ስምንት ዓመት ሙሉ አበራሽን በመንገድ ሳገኛት ፊቴን አዞራለሁ፤ እሷም ምንም እንዳላየች ታልፋለች።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ወደቀ። በሰኔ አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌ ሹሞችን ለመሰብሰብ ጭነት መኪና መጣ። አበራሽም ተጠራች። ሰፈሩ ወጥቶ ያያል፤ አንዳንዱ ይሳደባል። ጋቢዋን ተከናንባ፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ፣ ሰው ደግፏት መኪናው ላይ ወጣች። ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ወደ ቤት ገብቼ መጥረጊያውን አነሣሁ። ጠዋት ጠዋት መጥረግ የኔ ሥራ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን እያዜምኩ ነው የጀመርኩት።

«አስቀምጪው» አለች እናቴ።

«ምን ሆነ?»

«ሰው መንገድ ላይ ነው።»

አልገባኝም። እናቴ ማሽኑን ትታ ወደ እኔ ዞረችና ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረችኝ። አብዮት ጥበቃው ሱቁ በር ላይ የተናገርኩትን ሰምቶ «ይሄ ቤት ለምን አይጠረግም? የሚጠብቁት ነገር አለ እንዴ?» ብሎ አበራሽን ጠይቋት ነበር። እሱም የአገር ልጅ ነው፤ ያልተጠረገ ቤት ምን እንደሚል ያውቃል። ልጇን በርሊን ገባ የምትል እናት ቤቷን ካልጠረገች፣ ልጁ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። አበራሽ በዓይኑ እያየ ጠረገችው። እናቴን ያሰሯት ጊዜ ደግሞ ገብታ መሰከረች፤ ይቺ ሴት ልጇ የደረሰ መስሏት ቤቷን ጠርጋ ተቀምጣ ነበር፣ ብታውቅማ ኖሮ ትጠርግ ነበር ወይ አለቻቸው። መርማሪው አሰበና ለቀቃት።

«ራሷን ለማዳን ነዋ» አልኩ። «ወረቀቱን የፈረመች እሷ አይደለች?»

«ራሷንም ለማዳን ነው» አለች እናቴ። «ልጆች አሏት። የአልጋውን ስርስ? ማንም በማያየው ቦታ ሳትነካው የተወችው ለማን ብላ ነው?»

የተናደድኩት በማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«የወሰዷቸው የት ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«ከከተማ ወጣ ብሎ ነው አሉ። በመኪና አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

መጥረጊያውን ወስጄ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት።

ክረምቱ ሙሉ አልተጠረገም። ጭቃው ገባ፣ ክሩ ተከመረ፣ ቁንጫውም አልቀረም። ሰው እየገባ ያያል፤ የገባው ዝም ይላል፣ ያልገባው ዘመናዊ ልጅ አሳድጋ ቤት የሚጠርግ አጣች ብሎ ያማኛል። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እትዬ አበራሽ ነበሩ። ከስተዋል፤ ፀጉራቸው ከግንባራቸው በላይ ነጭ ሆኗል። ገና ቤታቸው ሳይገቡ እኛ ጋ መምጣታቸው ነው፤ ትንሿ ፌስታላቸው በእጃቸው ናት።

ደፉ ላይ ቆመው ወለሉን አዩ። ክሩን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ ጥግ ጥጉን አዩ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

እኔ ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን መጥረጊያ አወረድኩ።

«እትዬ አበራሽ፣ ይግቡ» አልኳቸው። «ልጠርግ።»

ገብተው የዳኜ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ከበሩ ጀምሬ እግራቸው ሥር ስደርስ እግራቸውን ብድግ አደረጉልኝ።

«አልጋው ስርም» አሉኝ።